ኦክታቭ ሻኑት፤ የድልድይ መሐንዲሱና ባለድርብ ክንፉ አውሮፕላን

ከቀላል እንጨት፣ ከስስ ወረቀትና ከሐር ክር የተሠራ፣ በመዳፍ ላይ ሊቆም የሚችል ባለድርብ ክንፍ የአውሮፕላን ሞዴል የሚመለከት ሰው ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በክሮቹ ላይ ነው። በላይኛውና በታችኛው ክንፍ መካከል ቀጫጭን ቋሚዎች ቆመው፣ በየቋሚዎቹ መካከል ደግሞ ክሮች በሰያፍ እየተላለፉ ተወጥረው ይታያሉ። ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው ክሮቹን እንደ ጌጥ ሊቆጥራቸው ይችላል። ሞዴሉን በእጁ የሠራ ግን ይህን አይልም። ክሮቹ ከመወጠራቸው በፊት ክንፎቹ በጣት ሲነኩ እንደሚወላገዱ፣ የመጨረሻው ክር ከተሳበ በኋላ ግን ሁለቱ ስስ ክንፎች አንድ ጠንካራ ተሸካሚ እንደሚሆኑ አይቷልና። ይህን አሠራር ከስሌት ጋር አቀናጅቶ ለበረራ ያዋለው አብራሪ ወይም ወጣት ፈልሳፊ አልነበረም፤ ዕድሜውን በባቡር ሐዲድና በድልድይ ሥራ ያሳለፈ፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ሲቪል መሐንዲስ ነበር።

ኦክታቭ ሻኑት ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1832 በፓሪስ ከተማ ተወለደ (አገራችንን ከሚመለከተው አንድ ቀን በስተቀር ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ የታሪክ መምህር ነበር። በ1838 በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በሚገኝ ኮሌጅ ሥራ በማግኘቱ ልጁን ይዞ ተሻገረ፤ እናቲቱ ግን በፈረንሳይ ቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባትና ልጅ ወደ ኒውዮርክ ተዛወሩ። ሻኑት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አላገኘም። በ1849፣ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የሐድሰን ወንዝን ተከትሎ ይሠራ ወደነበረው የባቡር መሥመር ሄዶ ሥራ ጠየቀ። ክፍት ቦታ የለም በተባለ ጊዜም ያለ ደመወዝ የቀያሾችን ሰንሰለት እየያዘ ለመሥራት ራሱን አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ደመወዝተኛ ሆነ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙው መሐንዲስ የሚሠለጥነው በዚሁ መንገድ ስለነበር ነገሩ እንደ ልዩ ገድል የሚቆጠር አይደለም። ልዩ የሚያደርገው ሻኑት ከሥራው ጎን ለጎን የሚያነበውና የሚመዘግበው ብዛት ነው፤ ያየውን ሁሉ በቁጥር የማስቀመጥ ልማዱ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በ1850ዎቹ ወደ ኢሊኖይ ሄዶ በባቡር መሥመሮች ላይ አገለገለ፤ በ1857 በፒዮሪያ ከተማ አኒ ጄምስን አገባ። በ1865 የሺካጎን ታላቅ የከብት ማጎሪያና ገበያ ንድፍ አወጣ። ስሙን በሙያው ዘንድ ያስጠራው ግን በካንሳስ ሲቲ በሚዙሪ ወንዝ ላይ ያሠራው ድልድይ ነው። ሚዙሪ አልጋው አሸዋ፣ ጎርፉም ኃይለኛ በመሆኑ በላዩ የሚጸና ድልድይ ሊሠራበት አይቻልም ብለው የሚያምኑ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ሥራው በ1867 ተጀምሮ ድልድዩ ጁላይ 3 ቀን 1869 ተመረቀ፤ በዚያ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው ድልድይ ይኸው ነው። ሻኑት ከረዳቱ ከጆርጅ ሞሪሰን ጋር ሆኖ በተከታዩ ዓመት የሥራውን ዝርዝር ከነችግሩ በመጽሐፍ አሳተመ። ከገዛ ሥራው የተገኘውን እውቀት ለተፎካካሪዎቹ ጭምር ክፍት ማድረግ ለሻኑት የተለመደ ነገር ነበር፤ በኋላ በበረራ ጉዳይ የገጠመውን ጠብ ለመረዳት ይህን ጠባዩን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከ1873 እስከ 1883 የኢሪ ባቡር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ሠራ። በ1882 በፔንሲልቫኒያ የኪንዙዋን ሸለቆ የሚያቋርጠው የብረት ድልድይ የተሠራው በእርሱ ኃላፊነት ዘመን ነው። ድልድዩ 92 ሜትር ያህል ከፍታና 625 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ሲሆን በዘመኑ ከዓለም የባቡር ድልድዮች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ ተገጣጥሞ የቆመውም በ94 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። እንዲህ ባሉ ረጃጅምና ቀጫጭን ማማዎች ላይ መሐንዲሱን የሚያሳስበው የባቡሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን የነፋሱም ግፊት ነው። (ድልድዩ በ1900 በአረብ ብረት ተተክቶ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ በ2003 አብዛኛው ክፍሉ በዐውሎ ነፋስ ወድቋል።)

ሻኑትን ወደ በረራ የመራው ይኸው ነፋስ ነው። የቤት ጣሪያ ስለምን ተገንጥሎ እንደሚሄድ፣ ነፋስ ድልድይን ምን ያህል እንደሚገፋ፣ ባቡርንም ምን ያህል ወደኋላ እንደሚይዝ ሲመረምር፣ ጣሪያን የሚያነሣ ኃይል ሰውንም ሊያነሣ ይችላል ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። በ1875 አውሮፓን በጎበኘ ጊዜ ደግሞ ይህን ጉዳይ በቁም ነገር የሚያጠኑ መሐንዲሶች መኖራቸውን አወቀ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ስለ በረራ ማሽን የሚያወራ መሐንዲስ አእምሮው እንደተነካ ሰው ይታይ ነበር። ሻኑትም የሰበሰበውን ጽሑፍ ሁሉ ጠቅልሎ አሥሮ፣ የመደበኛ ሥራውን ግዴታ ሳይበድል ሊፈታው እስከሚችልበት ቀን ድረስ አስቀመጠው።

ጥቅሉ ሲፈታ መሳለቂያ መሆን አልቀረም። በ1886 በበፈሎ ከተማ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ሻኑት ባመቻቸው መድረክ እስራኤል ላንካስተር የተባለ ተመልካች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ስለሚንሳፈፉ ወፎች ንግግር አደረገ፤ ወፍ የመሰሉ ሞዴሎችን ሠርቶ በነፋስ ላይ ማንሳፈፉንም ተናገረ። አሳማኝ ማስረጃ ግን ሊያቀርብ ስላልቻለ ተሰብሳቢው ሳቀበት። ሻኑት ከዚህ በኋላ ጉዳዩን አልተወውም፤ የአካሄዱን ስልት ግን አጠበቀ። ከ1891 ጀምሮ በአንድ የባቡርና የምሕንድስና መጽሔት ላይ በተከታታይ ባወጣቸውና በ1894 በመጽሐፍ በታተሙት ጽሑፎች ከእርሱ በፊት የተሞከረውን የበረራ ማሽን ሁሉ አንድ በአንድ መረመረ። ክብደቱ ስንት ነበር? የክንፉ ስፋትስ? ለምን ወደቀ? መጽሐፉ የውዳሴ ሳይሆን የምርመራ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማሳተም የጀመረው ደግሞ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት በሆነበት በዚያው በ1891 መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ፌዘኞች ዝም ያሉት ማዕረጉን አይተው ይሆናል፤ መሐንዲሶቹ ግን ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመሩ።

በመጽሐፉ ውስጥ ለትናንሽ ሞዴሎች የተሰጠው ቦታ ሰፊ ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 በተጠመዘዘ ጎማ ኃይል የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሞዴል በፓሪስ የቱይለሪ የአትክልት ሥፍራ በ11 ሴኮንድ 40 ሜትር ያህል እንዲበር አድርጎ ነበር። ከዋናው ክንፍ በስተኋላ የተተከለችው ትንሽ ጅራት ሞዴሉን በራሱ ሚዛን ታስጠብቀው ነበር። ሻኑት ከፔኖ ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛው ትንሽ ሞዴል ርካሽ የሆነ እውነት የሚነግር መሣሪያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበረራ ዋና ችግር ሞተር ሳይሆን ሚዛን መሆኑ ነው። ከዚህ በመነሣት ማሽኑ አብራሪው ሳይነካው በራሱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማድረግ ይገባል የሚል እምነት አደረበት። ይህ እምነት ሩቅ አደረሰው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አቆመው።

በገዛ ገንዘቡ ረዳቶች ቀጥሮ ሞዴሎችንና በገመድ የሚንሳፈፉ ካይቶችን ካሠራ በኋላ፣ በጁን 1896 በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ባሉት የኢንዲያና የአሸዋ ኮረብታዎች ላይ ሰፈረ። ዕድሜው 64 ነበር። ከእርሱ ጋር ኦገስተስ ሄሪንግ፣ አናጢው ዊልያም ኤቨሪና ጥቂት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የሞከሩት ብዙ ጥንድ ክንፎች ያሉት፣ ክንፎቹ በነፋስ እየተገፉ ወደኋላና ወደፊት ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ ግላይደር ነበር። የነፋሱን አካሄድ ለማየት ከማሽኑ ፊት ለስላሳ የወፍ ላባ እየለቀቁ ይመለከቱ፣ ባዩትም መሠረት ክንፎቹን ከኋላ ነቅለው ወደፊት ይተክሉ ነበር። በዚያው ወራት፣ ኦገስት 10 ቀን፣ ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ከግላይደሩ ወድቆ ሞተ። አደጋው ሚዛንን በሰውነት ውዝዋዜ ብቻ መጠበቅ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ በግልጽ አሳየ።

በበጋው መጨረሻ ወደ አሸዋው የወጣው ሁለተኛው ግላይደር ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነበር። ሦስት ድርብ ክንፎች ይዞ መጣ፤ የታችኛው መሬት እየነካ ስላስቸገረ ተነቅሎ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የክንፎቹ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.9 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋታቸው 12.5 ካሬ ሜትር ያህል፣ የማሽኑ ክብደት ደግሞ ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር። ሄሪንግ በዚህ ግላይደር 109 ሜትር ያህል ተንሳፈፈ። ከፔኖ ሐሳብ የመነጨው፣ ነፋስ ሲገፋው እጅ የሚሰጠው የመስቀል ቅርጽ ጅራት የሄሪንግ ድርሻ ነው። ሄሪንግ በኋላ ጠቅላላውን ንድፍ የእኔ ነው ብሏል። የሽቦዎቹ አወጣጠር ግን የማን እጅ እንዳለበት ራሱ ይናገራል።

አወጣጠሩ የፕራት ትረስ ነው። ቶማስና ኬሌብ ፕራት በ1844 የፈጠራ መብት ባወጡለት በዚህ የድልድይ አሠራር ቋሚዎቹ ይጨመቃሉ፣ ሰያፎቹ ይወጠራሉ። የሚወጠር አካል ደግሞ መወፈር አያስፈልገውም፤ ቀጭን ዘንግ ይበቃዋል። ሻኑት ይህን ስሌት ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። በአውሮፕላን ላይ ሲያውለው ግን አንድ ነገር ይገለበጣል። ድልድይ ሸክሙ ሁልጊዜ ወደታች ነው፤ ክንፍ ግን ሲበር ወደላይ ይገፋል፣ መሬት ላይ ሲያርፍ ደግሞ በክብደቱ ወደታች ይንጠለጠላል። ስለዚህ በየቋሚዎቹ መካከል አንድ ሰያፍ አይበቃም፤ ሁለት ሽቦዎች ተላልፈው ሊወጠሩ ይገባል። ከታችኛው ክንፍ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይኛው ክንፍ ጫፍ የሚሄደው በበረራ ጊዜ ይሸከማል፤ ከላይ ከመካከሉ ተነሥቶ ወደታችኛው ክንፍ ጫፍ የሚወርደው ደግሞ በማረፍ ጊዜ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። የላይኛው ክንፍ ወጋግራ በበረራ ጊዜ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፤ ሁለቱም በአንድነት ቁመቱ በክንፎቹ መካከል ያለውን ርቀት የሚያህል አንድ ጥልቅ ተሸካሚ ይሆናሉ። ድርብ ክንፍን በ1866 ፍራንሲስ ዌናም በእንግሊዝ ሐሳቡን አቅርቦ ነበር፤ ጆን ስትሪንግፌሎም በ1868 ባለሦስት ድርብ ሞዴል አሳይቷል፤ ሎውረንስ ሃርግሬቭም በአውስትራሊያ ሣጥን መሰል ካይት ሠርቷል። ሻኑት የጨመረው ኃይሉ በየሽቦው ስንት እንደሆነ ሊሰላ የሚችል መዋቅር ነው።

ትንሽ ሞዴል የሚሠራ ሰው ይህንኑ ትምህርት በጣቶቹ ይማራል። አራት ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ በ1 ለ48 ሚዛን ሲያንስ ከ0.08 ሚሊሜትር ያህል አይበልጥም፤ በመሆኑም ጥሩ ሠሪ ተራ የስፌት ክር ትቶ ስስ የሐር ክር ወይም የናይሎን ዓሣ ማጥመጃ ክር ይመርጣል፤ ቀዳዳዎቹንም ክንፎቹ ከመገጠማቸው በፊት ይበሳል። ከመካከለኛው ክፍል ይጀምርና ወደ ጫፍ ይሄዳል። በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ያሉት ሁለት ሰያፎች ርዝመታቸው እኩል መሆኑን ይለካል፤ እኩል ካልሆኑ አራት ማዕዘኑ ተንጋዷልና። አንዱን ክር አብዝቶ ቢስብ ተጓዳኙ ይላላል፣ ክንፉም ይጣመማል። የክራር ጅማት አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ቅኝቱን እንደሚስት ሁሉ፣ የአንዲቱ ክር ውጥረት ለብቻው ትክክል ሊሆን አይችልም። የዚያ ዘመን ባለሙያዎችም ትልቁን አውሮፕላን የሚያቃኑት በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። ለመታየት ብቻ በሚቀመጥ ሞዴል ላይ ክሮቹ ምንም ሸክም የላቸውም፤ ቢሆንም በቦታቸው ያልዋሉ እንደሆነ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለያቸዋል።

ከትናንሽ ሞዴሎች ሁሉ በታሪክ ከፍተኛውን ቦታ የያዘው በ1899 በጋ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በዴይተን ከተማ የተሠራው ነው። የቢስክሌት ሠሪዎቹ ዊልበርና ኦርቪል ራይት በዚያው ዓመት ከስሚዝሶኒያን ተቋም ስለ በረራ የሚነበብ ቢጠይቁ ከተጠቆሙላቸው መጻሕፍት አንዱ የሻኑት ነበር። ከዚያ በኋላ ክንፉ 1.5 ሜትር የሆነ ባለድርብ ክንፍ ካይት ሠሩ። ቋሚዎቹንና ከጎን ወደ ጎን የሚሄዱትን የሻኑትን ሰያፎች ወሰዱ። ከፊት ወደኋላ የሚሄዱትን ሰያፎች ግን ሆን ብለው ተዉአቸው። በዚህ ምክንያት ክንፎቹ በርዝመታቸው እንደ ድልድይ ጠንካራ ሆነው፣ በወርዳቸው ግን በአራት ገመዶች ሊጠመዘዙ ቻሉ፤ ካይቱም በሠሪው ፈቃድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብል ጀመር። ሻኑት ማሽኑን እንዳይናወጥ አድርጎ አሠረው፤ ራይቶች የእስሩን አንድ አቅጣጫ ፈትተው መሪ ሰጡት። ሽማግሌው መሐንዲስ የዚህን ልዩነት ክብደት ሙሉ በሙሉ የተቀበለ አይመስልም። ዕድሜውን ሁሉ መዋቅርን ከመጣመም ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ዊልበር በሜይ 1900 ለሻኑት ደብዳቤ ጻፈ። ሻኑት መለሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ በመካከላቸው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ተመላለሱ። ሻኑት የራይቶችን የልምምድ ሰፈር በ1901፣ በ1902ና በ1903 ጎበኘ፤ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ አዋሳቸው፤ በሴፕቴምበር 1901፣ ተስፋ ሊቆርጡ በተቃረቡበት ወቅት፣ ዊልበርን በሺካጎ በመሐንዲሶች ማኅበር ፊት ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። በዲሴምበር 17 ቀን 1903 ራይቶች በሞተር ሲበሩ፣ መጀመሪያ በ12 ሴኮንድ 37 ሜትር፣ በመጨረሻም በ59 ሴኮንድ 260 ሜትር የሄደው አውሮፕላን ክንፎቹ የተያያዙት በሻኑት ትረስ ነበር።

ለጠቡ መነሻ የሆነው በዚያው ዓመት በኤፕሪል በፓሪስ የተደረገ ንግግር ነው። ሻኑት በተወለደበት ከተማ የራሱንና የራይቶችን ግላይደሮች በሥዕል አስደግፎ አስረዳ። በዚህም ፈረንሳዮች ተነቃቁ፤ እነ አርሽዲኮንና ቩዋዘን ባለድርብ ክንፍ ማሽኖች መሥራት ጀመሩ፤ በጃንዋሪ 1908 ሄንሪ ፋርማን በቩዋዘን አውሮፕላን የአንድ ኪሎ ሜትር ዙር በረራ ፈጸመ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው አውሮፕላንም በፈረንሳይ አገር የተሠራ ፖቴዝ 25፣ ማለትም በቋሚዎችና በሽቦዎች የተያያዘ ባለድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነበር።

ራይቶች ግን ሻኑት በፓሪስ የእርሱ ተማሪዎች አስመስሎ አቀረበን ሲሉ ቅር ተሰኙ። ቅሬታው ለዓመታት ታምቆ ቆይቶ በ1910 መጀመሪያ ገነፈለ። ራይቶች በዚያን ጊዜ ክንፍ የማጣመም ዘዴያቸውን በፍርድ ቤት ያስከብሩ ነበር፤ ሻኑት ደግሞ ሐሳቡ ከእነርሱ በፊት እንደነበረ ለጋዜጣ ተናገረ። በካይሮ ይኖር ለነበረው ለፈረንሳዊው ሉዊ ሙያር፣ የበረሃ አሞሮችን ሲመለከት ላረጀው ሰው፣ በ1897 የአሜሪካ የፈጠራ መብት እንዲያገኝ የረዳው ሻኑት ራሱ ነበርና የሚናገረው ከሚያውቀው ነው። ዊልበር በምሬት ጻፈ፤ ሻኑትም በምሬት መለሰ። በፍርድ ሚዛን ሲታይ ክንፍን ማጣመም የሚለው ሐሳብ የቆየ ቢሆንም፣ ማጣመሙን ከጅራት መሪ ጋር አቀናጅቶ አውሮፕላንን መምራት የራይቶች ሥራ ነው። ሻኑት ደግሞ ከገዛ ድካሙ ምንም ሳይደብቅ ለመጣው ሁሉ ሲያካፍል የኖረ በመሆኑ እውቀት በፍርድ ቤት አጥር ሲታጠር ማየቱ አሳዘነው። በግላይደር ላይ እርሱም የፈጠራ መብት ነበረው፤ ነገር ግን ማንንም አልከሰሰበትም፣ ሌሎች እንዲሠሩበትም ያበረታታ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ሲሆኑ የሻኑት እንጀራ በረራ እንዳልነበረ አይዘነጋም። ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኑሮው የተመሠረተው ከሐዲድ ሥር የሚነጠፉ አጋዳሚ እንጨቶችን በመድኃኒት ነክሮ ከብስባሴ በመጠበቅ ሥራ ላይ ነበር። እያንዳንዱ አጋዳሚ የተነጠፈበትን ዓመት የሚያመለክት ቁጥር ያለበት ምስማር እንዲመታበት የማድረግ ልማድ ወደ አሜሪካ ያስገባው እርሱ ነው። አጋዳሚው ስንት ዓመት እንደቆየ ሳይታወቅ መድኃኒቱ መሥራቱ አይታወቅምና።

በ1910 ጸደይ ወደ አውሮፓ ሄዶ በዚያ በሳንባ ምች ታመመ። ዊልበር በኤፕሪል የማስታረቂያ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ሰፊ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ግን አላገኘም። ወደ ሺካጎ ተመልሶ ኖቬምበር 23 ቀን 1910 በ78 ዓመቱ ዐረፈ፤ በ1902 በሞተችው ባለቤቱ አገር በፒዮሪያም ተቀበረ። ዊልበር በጃንዋሪ 1911 በአንድ የበረራ መጽሔት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉም ሻኑት ባይኖር ኖሮ የበረራ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ እንደነበር መሰከረ፤ ለውለታው በማስረጃነት ከጠቀሳቸው ነገሮችም አንዱ ያው የ1903ቱ የፓሪስ ጉዞ ነበር።